ዲኤክሷ ከጋራዥ ከወጣች ወራት በኋላ፦ ሞተሩ አሪፍ፣ ዕቃው የለም

ጥሩውን ላስቀድም። የዲኤክሷ፣ የአሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ፣ ሞተር በደንብ ተሠርቷል። ዘይት አትበላም፣ ነጭ ጭስ የለም፣ የራዲያተር ውሃ አይቀንስም። ጋራዥ የገባችው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሎ ዘይትና ውሃ ስለተቀላቀለባት ነው። ለሳምንት ተብላ ሐምሌ ገብታ ኅዳር ወጣች። አንዴ ዕቃ ጠፋ ነው፣ አንዴ ቶርኖ ቤት ወረፋ ነው፣ አንዴ ደግሞ የሚሠራው ልጅ ክፍለ ሀገር ሄዷል።

ለማያውቃት፣ ድሮ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው 4ኬ፣ 1290 ሲሲ ሞተር ወርዶ 5ኬ፣ 1486 ሲሲ ተገጥሞላታል። ሊብሬው ላይም ተስተካክሏል። ዝቅ ብላለች፣ ቸርኬዋም ተቀይሯል።

አሁን ወደ ጎደለው። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ የሉም፣ የኋላው ባፍልም ተነቅሏል። ይህን የዚያኑ ቀን አየሁት። ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ ተካኋቸው (የራሴን ባፍል መልሼ ገዝቼ እንዳይሆን ብቻ)። የሚያናድደው የሞተሩ ክዳን ስር ያለው ነው፤ እሱን ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ።

ጠዋት ጠዋት የሙቀት መለኪያው አልነሳ አለ። ቤንዚን ደግሞ ትጠጣለች። ሌላ መካኒክ ሲከፍተው የቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተር የሚያግደው ዕቃ) ቦታ ባዶ ነው። ጋራዡን ስጠይቅ «እንዳትሞቅብህ ብለን ነው ያወጣነው፣ እዚህ አገር አያስፈልግም» አሉኝ። እንዴት አያስፈልግም? ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ በራዲያተር መዞር ይጀምራል፣ ሞተሩም ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ እስከዚያ ድረስ ቾክ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን) ስበህ ቤንዚን ስታፈስ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ አስበው። አዲስ ገጠምኩ፣ መለኪያው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ትልቁ ጉድ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። የኔው ዌበር የሚባለው ዓይነት፣ 32/36 ነበር፤ አንዱ ጉሮሮ 32፣ ሌላው 36 ሚሊሜትር፤ በቀስታ ስትነዳ ትንሹ ብቻ ይሠራል፣ ስትረግጠው ትልቁ ይከፈታል። ለዚህ ከፍታ ብዬ ቤንዚን የሚያሳልፉትን ቀዳዳዎች በጠበቡ አስቀይሬ ነበር፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ካልተቀነሰ ካንዴላው ይጠቁራል። መኪናዋ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ገና ሞተሩ ስላልተፍታታ ነው እያልኩ ቆየሁ። አንድ ቀን የአየር ፊልትሮውን ላጸዳ ክዳኑን ባነሳ፣ ስሩ የተቀመጠው የድሮው የጃፓን ካርቡሬተር ነው!

«ስትመጣም እንዲሁ ነበረች» አሉኝ። ከመግባቷ በፊት የተነሳውን ፎቶ ሳሳያቸው «ልጆቹን እንጠይቃለን» ሆነ። እስካሁን እየጠየቁ ነው።

ትሸጣታለህ ወይ የሚለኝ አለ። አልሸጥም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው አጥብቆ ነው የሚይዘው። የሞተር ሥራ ከሆነ እዚያው ጋራዥ ደግሜ እወስዳታለሁ፣ እጃቸው ጥሩ ነው። ወንበር ይዤ ግን።

ዌበሩን ገና እየፈለግኩ ነው። አንድ ያገለገለ አምጥተውልኝ ነበር፤ ዘንጉ ላልቶ በጎኑ አየር ይስባል፣ ሚኒሞ (ሳትረግጠው ቆሞ መሥራት) አይይዝም። መለስኩት።