ሳምንታዊው የክረምት የአየር ሁኔታ ትንበያ እንደ አገልግሎት ሲመዘን

ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ የመጪውን ሳምንት አገር አቀፍ የአየር ሁኔታ ትንበያ ሳላቋርጥ ስከታተል ቆይቻለሁ። የምከታተለው ለራሴ ብቻ ሳይሆን በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ ወረዳ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴና ጤፍ ለሚያርሱት አጎቴም ጭምር ነው፤ እሁድ ማታ ደውለው «ልጄ፣ የሚመጣው ሳምንት ዝናቡ እንዴት ነው?» ሳይሉኝ አይተኙም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ትንበያ ትልቁ ጥንካሬው «ይዘንባል» ብሎ ብቻ አለመተው ነው። በደቡብ አትላንቲክና በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙት ከፍተኛ የአየር ግፊቶች ሲጠናከሩ እርጥበት አዘል አየር ወደ አገራችን እንደሚገፋ፣ ይህም በምዕራብ፣ በመካከለኛውና በሰሜን ክፍሎች ዝናቡን እንደሚያበረታው ምክንያቱን ጭምር ያስረዳል። ለደቡብ ቦረናና ለደቡባዊ ሶማሌ ቆላዎች ክረምት ዋነኛ የዝናብ ወቅት አለመሆኑን ከግምት አስገብቶ ስለሚጻፍ፣ የአንዱን አካባቢ ሁኔታ ለመላው አገር አያለብስም። የላይኛው ተፋሰስ ዝናብ በታች ላለው ሰው ምን እንደሚያመጣ ማሳሰቡን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ አየዋለሁ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የተነሣው በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች ላይ ከጣለው ዝናብ ነበርና።

በትንበያው ውስጥ ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥለው ነው። አጎቴ ሚሊ ሜትር ሲባል ትርጉሙ አልገባቸውም ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው በአንዲት እርምጃ መሬት ላይ አንድ ጀሪካን ተኩል ውሃ ማለት ነዋ!» አሉ፤ በማግሥቱም የማጠንፈፊያ ቦዮቻቸውን መጥረግ ጀመሩ። እንዲህ ያለው ማብራሪያ ከትንበያው ጋር አብሮ ቢነገር ብዙ ገበሬ ይጠቀም ነበር።

ችግሩ ያለው ትንበያው ለሕዝብ በሚደርስበት መንገድ ላይ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሳምንቱ ዝናብ ቀለል እንደሚል አነበበ፤ እኔም ያንኑ ለአጎቴ አስተላለፍሁ፣ እሳቸውም ስንዴያቸው ላይ ዩሪያ በተኑ። የዚያኑ ሌሊት የወረደው ዝናብ ቦዩን ሞልቶ ማዳበሪያውን ጠራርጎ ወሰደው። ቆይቼ ሳጣራ የተነበበው ያለፈው ሳምንት ትንበያ ሆኖ ተገኘ፤ የወጣበት ቀን አልተጠቀሰም ነበር። የኔም ጥፋት አለበት፤ ሳላረጋግጥ ማስተላለፍ አልነበረብኝም።

ከዚህ ሌላ የዞኖቹ ስም ዝርዝር ያለ እረፍት ሲነበብ፣ ሰሜን ሸዋ እስክትጠራ ሲጠብቅ የቆየው አድማጭ የዝናቡ መጠን ያመልጠዋል። ስለዚህ በድምፅ ከመስማት ይልቅ ከተቋሙ በቀጥታ የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሸፈንም ለእርሻ አይበቃም፤ ለዩሪያና ለአረም የሚያስፈልገው ዝናቡ የሚበረታበትንና ፋታ የሚሰጥበትን ቀን መለየት ነው፤ ቀኑ በራቀ ቁጥር እርግጠኝነቱ እንደሚቀንስ ባውቅም፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለብቻቸው ተለይተው እንዲቀርቡ እሻለሁ።

አሁን አጎቴ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ትንበያው የወጣበትን ቀን ነው። ማዳበሪያ ከመበተናቸው በፊትም የ24 ሰዓቱን ትንበያ አብሬ አይቼ እነግራቸዋለሁ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን አባባል አጥብቀው ቢወዱትም፣ ዘንድሮ ቡሄ ካለፈ በኋላም እሁድ ማታ መደወላቸውን አላቆሙም።