«መለዋወጫ ሞልቷል» ለሚሏችሁ የጎ-ካርት ሻጮች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

በአሜሪካ የምትኖሩና ለልጆቻችሁ በሜዳና በጫካ መንገድ የሚነዳ ጎ-ካርት (ባለ አራት ጎማ ትንሽ የመዝናኛ መኪና) ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሻጩ «መለዋወጫ ሞልቷል» ሲላችሁ የትኛውን መለዋወጫ ማለቱ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ገንዘባችሁን አትስጡ። እኔ ይህን ሳላረጋግጥ ከነማጓጓዣው 2,600 ዶላር ከፍዬ፣ ዛሬ ጓሮዬ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመና ልጆቼ እንዲነኩት የማልፈቅደው ብረት አለኝ።

የምኖረው በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ነው። ጓሯችን ሰፊ በመሆኑ ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ባለ 150 ሲሲ ሞተር፣ በቻይና የተሠራ ጎ-ካርት በኢንተርኔት አዘዝኩ። በብረት ሣጥን ታሽጎ በጭነት መኪና መጣልኝ፤ መሪውን፣ ጎማዎቹንና ባትሪውን ራሴ ገጠምኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለልጆቹ ታላቅ ደስታ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ይጠፋ፣ እስኪቀዘቅዝም አልነሳ ይል ጀመር።

ለሻጩ ስደውል ምንም ሳይጠይቅ «ካርቡራተሩ ነው» አለኝ፤ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል ማለቱ ነው። አዲስ ካርቡራተር ከእርሱው ገዝቼ ለወጥኩ፤ ለውጥ አልነበረም። «ዕቃው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል» በሚል ሁለተኛም ገዛሁ። በመጨረሻ በአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራ ጎረቤቴ መጥቶ የቫልቭ ክዳኑን ከፈተና ክፍተቱን በስስ የመለኪያ ቆርቆሮ ለካ። የቫልቮቹ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየርና ነዳጅ የሚያስገቡትና ጭሱን የሚያስወጡት በሮች፣ ክፍተት ጠቦ ነበር። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ሞተሩ አዲስ ሆኖ በሚሠራባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ቫልቮቹ ከመቀመጫቸው ጋር እየተላመዱ ሲሄዱ ይህ ክፍተት ሊጠብ ይችላል፤ ብረቱ ሲሞቅ ደግሞ ቫልቩ በሚገባ መዝጋት ስለሚያቅተው ኮምፕሬሽኑ (በሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይወርድና ሞተሩ ይጠፋል። ጎረቤቴ ችግሩን ያለ አንዳች ዕቃ በግማሽ ሰዓት አስተካከለው። ሁለቱ ካርቡራተሮች እስካሁን መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ሞተሩ እንቢ ሲላችሁ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት በተራ መርምሩ። አስቀድማችሁ ባትሪውን ለኩ፤ በሚገባ የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አብዛኞቹ እነዚህ ጎ-ካርቶች የፍሬን ፔዳሉ ካልተረገጠ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) እንዳይዞር ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወላጅ ከሩቅ የሚያጠፋበት ሪሞትና ቀይ ማጥፊያ ቁልፍ አላቸው። ከነዚህ አንዱ ተጭኖ ወይም ሽቦው ላልቶ ሳለ ሰዎች ሞተር እስከ መፍታት ይደርሳሉ። ቀጥሎ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ክፍል) አውጥታችሁ ከቤንዚን ርቃችሁ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ፣ እሳት መስጠቱን ተመልከቱ። እሳት ካለ ወደ ነዳጁ ሂዱ፤ በብዙዎቹ ላይ የነዳጁ ታንከር ከካርቡራተሩ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ቤንዚኑን የሚስበው በሞተሩ የአየር ግፊት የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ናት፤ ወደ እርሷ የሚሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ነዳጅ አይደርስም። ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ቫልቩን ለኩ፤ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው የእሳት ኮይልም ሲሞቅ ሊከዳ እንደሚችል አስቡ። ካርቡራተሩን በእርግጥ መጠርጠር ያለባችሁ ጎ-ካርቱ ቤንዚን እንደያዘ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ከነበረ ነው፤ በዚህ አገር የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ስላለበት እርጥበት ይስባል፣ ሲቆይም የካርቡራተሩን ትንሿን ቀዳዳ ይደፍናታል። ያን ጊዜም ቢሆን ማጽዳት እንጂ መግዛት የግድ አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ሊጠገን የሚችል ነው፤ ሻጩም «መለዋወጫ ሞልቷል» ሲል በዚህ በኩል እውነቱን ነበር። ሞተሩ ጂ.ዋይ.6 (GY6) ተብሎ የሚታወቀው፣ ከሆንዳ ንድፍ የመጣው፣ በቻይናና በታይዋን ብዙ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት የስኩተር ሞተር ነው። በሞተሩ ብረት ላይ 157 ኪው.ኤም.ጄ (157QMJ) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ 150 ሲሲው እርሱ ነው። ካንዴላውም፣ ፒስተኑም፣ ጓርኒሲዮኑም (በክፍሎቹ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ) በየትም ይገኛል። ሆኖም እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በስም አንድ የሆኑ ሞተሮች በዝርዝራቸው ይለያያሉና። የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው በሚያስተላልፈው ቺንጋ (ቀበቶ) ላይ እንደ 842-20-30 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያው ርዝመቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ስፋቱ፣ ሦስተኛው የጎኑ ማዕዘን ነው። 835 እና 743 የሚሉም አሉ፤ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ግን በሌላው ቦታ በትክክል አይሠራም። ጽሑፉ በአገልግሎት ስለሚጠፋ ጎ-ካርቱ በመጣ ቀን ክዳኑን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱት። ሲ.ዲ.አይ የሚባለው የእሳት ሳጥንም በኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) የሚሠራና በዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) የሚሠራ አለ፤ ሶኬታቸው ስለሚመሳሰል ብቻ የተሳሳተውን የሰካ ሰው እሳት አያገኝም። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ከተቃጠለ ከማዘዛችሁ በፊት የተጠቀለሉትን የሽቦ ጉብታዎች ቁጠሩ፤ ባለ 8 ም ባለ 11 ም አለ። ወደ ኋላ የሚያስኬደው ማርሽ በሞተሩ ውስጥ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ለስኩተር ተብሎ የሚሸጠው የማርሽ ቤት ክዳን አይገጥምላችሁም።

ዋናው ክስረት የደረሰብኝ ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ትልቁ ልጄ ከታናሽ እህቱ ጋር በቀስታ ሲዞር የግራው የፊት ጎማ በድንገት ወደ ውጭ ታጠፈ። የፊት ጎማውን ተሸክሞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ብረት ከብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ስለነበረ፣ የራስ ቁራቸውንና ቀበቶአቸውንም አድርገው ስለነበር በእግዚአብሔር ቸርነት ምንም አልሆኑም። ያንን ስንጥቅ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ድንጋጤ እዚህ ለመግለጽ ቃል የለኝም።

ይህ ብረት እንደ ሞተሩ በየሱቁ የሚገኝ አይደለም። የፊት ክንዶቹን፣ የመሪውን ማገናኛ፣ የጎማውን መያዣ፣ የኋላውን አክስል (የጎማዎቹን ዘንግ) እና የፍሬኑን መያዣ እያንዳንዱ የሻንሲ (የተሽከርካሪው የብረት አጽም) ፋብሪካ በራሱ ልክ ይሠራዋል፤ የቡሎኑ ቀዳዳ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለየ አይገባም፣ ማዕዘኑ ከተለየ ደግሞ ገብቶም አደገኛ ነው። ወደ ሻጩ ስደውል «ያ ሞዴል ተቀይሯል» አለኝ። በጎ-ካርቱ አፍንጫ ላይ የተጻፈው የንግድ ስም የፋብሪካው አይደለም፣ አስመጪው የለጠፈው ተለጣፊ ነው። የፋብሪካውን ስም ያገኘሁት ከመቀመጫው ሥር በሻንሲው ላይ ከተመታው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነው፤ 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያውም በኤል (L) ይጀምር ነበር፣ ይህም በቻይና የተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። በዚያ የፋብሪካ ስም ስፈልግ ያው ጎ-ካርት በሌሎች ሦስት ስሞች ሲሸጥ አገኘሁት። ከሦስቱም ሻጮች አንዱም የተሰበረውን ብረት አልነበረውም። በአካባቢዬ ያሉ ሁለት የሞተር ሳይክል ጋራዦችም ከቻይና የመጣ ጎ-ካርት አንቀበልም ብለው መለሱኝ። አንድ ጥሩ በያጅ ዘንድ ወስጄው ብረቱን ካየ በኋላ «ልበይደው እችላለሁ፣ ልጅህን ግን አታስቀምጥበት» አለኝ፤ ስለ ቅንነቱ አመሰግነዋለሁ።

ሻጩ በዚህ አላበቃም። ዋስትናው 30 ቀን ብቻ ነው አለኝ፤ ከዚያም ካንዴላውን ከሌላ ሱቅ ገዝቼ መለወጤን በነገርኩት ጊዜ «እንግዲያውስ ዋስትናው ፈርሷል» አለ። ይህ አባባል ከሕግ ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ የጽሑፍ ዋስትና የሰጠ ሻጭ፣ ዕቃውን በነፃ እስካላቀረበ ድረስ፣ ገዢው የሌላ ሱቅ መለዋወጫ ስለ ተጠቀመ ብቻ ዋስትናውን እንዲሽር አይፈቅድም፤ በሌላ ሱቅ የገዛሁት ካንዴላም የፊት ጎማ ብየዳ ሊሰነጥቅ አይችልም። ሕጉ የዋስትናው ጽሑፍ ከግዢው በፊት ለገዢው እንዲቀርብም ያዛል። እኔ ግን ጽሑፉን ሳልጠይቅ ነበር የከፈልኩት።

ይባስ ብሎ የከፈልኩት ሻጩ «ቅናሽ አደርግልሃለሁ» ስላለኝ በዜል (ገንዘብን ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ወዲያው በሚልክ አገልግሎት) ነበር። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ፣ ዕቃው በስምምነቱ መሠረት ካልደረሰ ወይም የተላከው የታዘዘው ካልሆነ፣ ክፍያው የታየበት ሒሳብ ከተላከልኝ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መቃወም እችል ነበር። በዜል የተላከ ገንዘብ ይህ መብት የለውም። እባካችሁ ስለ ጥቂት ዶላር ቅናሽ ብላችሁ ይህን መብት አትልቀቁ። ሣጥኑን የሚያመጣው ሾፌር ቢቸኩልም ከመፈረማችሁ በፊት ዙሪያውን ተመልከቱ፣ የታጠፈ ወይም የተቀደደ ነገር ካለ በምትፈርሙበት ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ፎቶም አንሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የዚያን ሞዴል የመለዋወጫ ሥዕል ከነቁጥሩ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ከሥዕሉ ላይ የግራውን የፊት ጎማ መያዣ፣ አንድ የታችኛ ክንድና የኋላውን አክስል ምረጡና የዛሬ ዋጋቸውንና ዛሬ በመጋዘን መኖራቸውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ አድርጉ። የሚቻል ከሆነ አንዱን ከነጎ-ካርቱ አብራችሁ እዘዙ። ለሞተሩ ካንዴላና ቺንጋ አሉኝ ብሎ የሚመልስላችሁ ሻጭ ጥያቄያችሁን አልመለሰም። የሻንሲውን ሰሌዳ ፎቶ ጠይቁ፤ የማይልክ ከሆነ አትግዙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (EPA) የሚጠይቀው የጭስ ቁጥጥር መግለጫ በቋሚነት የተለጠፈ መሆኑንም ተመልከቱ፤ በካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ የግዛቱ የራሱ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2010 ከቻይና ለሚገቡ እስከ 200,000 ለሚደርሱ ሞተር ሳይክሎችና የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች የሰጠውን ፈቃድ፣ የቀረበለት ማስረጃ የተሟላ ወይም እውነተኛ አይደለም በሚል ሊሽር መሆኑን አስታውቆ ነበር።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንስታችሁ በእጃችሁ እየወዘወዛችሁ፣ የየብየዳውን ዙሪያ አጽድታችሁ በባትሪ መብራት ፈትሹ። በቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወይም የዝገት ክር ካያችሁ ልጅ አታስቀምጡበት። እንዲህ ያለ ስብራት ከደረሰባችሁም ለአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ሪፖርት አድርጉ፤ እኔም የብረቱን ፎቶ ከሻንሲው ቁጥር ጋር አያይዤ ልኬያለሁ።

ያው ሻጭ በዚህ ሳምንትም ማስታወቂያውን አውጥቷል። ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተለውጧል፣ በአፍንጫውም ላይ ሌላ ስም ተጽፏል፤ በፎቶው ላይ የሚታየው የፊት ጎማ መያዣና ብየዳው ግን የእኔው ነው።