የጥርስ መርፌ እንዳያም፦ ጄል፣ ማሽን ወይስ ዝግ ያለ እጅ?

መነቀሉን ሳይሆን መርፌውን ፈርቶ ስንቱ ሰው የጥርስ ሕመሙን ታቅፎ ይከርማል! አይፈረድበትም። ግን ሕመሙን የሚቀንሱ መንገዶች አሉ፤ ዋጋቸውም ጥቅማቸውም እኩል አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። መርፌ ሁለት ጊዜ ያማል፦ ጫፉ ሲወጋ፣ ከዚያም የማደንዘዣው ፈሳሽ ሲገባ። ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሁለተኛው ነው።

ርካሹ ጄል ነው። 20 በመቶ ቤንዞኬይን ወይም 5 በመቶ ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ያለበት፣ ድድ ላይ የሚቀባ። የሚያደነዝዘው ከላይ ያለውን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ለላይኛው የፊት ጥርስ ጥሩ ነው፤ ጠልቆ ለሚገባው የታችኛው መንጋጋ መርፌ ግን እምብዛም። እሱም ቢሆን ድዱ በጎዝ ደርቆ፣ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ 1 ወይም 2 ደቂቃ ከተጠበቀ ነው። ቀብቶ ወዲያው መውጋት ጄሉን ማባከን ነው። ስፕሬይም አለ፤ እኔ ግን ለልጅ አልመርጠውም። ይመራል፣ ጉሮሮ ድረስ ወርዶ ያደነዝዛል፣ ልጁም ይደነግጣል። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ቤንዞኬይን አይሰጥም፤ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያጣ ይችላል።

ውዱ በኮምፒውተር የሚታገዘው ነው። ዘ ዋንድ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ማሽኑ ማደንዘዣውን ጠብ ጠብ እያደረገ ያስገባል። ላንቃ ላይ ሥጋው ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ፈሳሹ መግቢያ ያጣል፤ ሕመሙ ያስለቅሳል። ማሽኑ ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው። በሌላው ቦታ ትልቁ ጥቅሙ ዝግታው ነው። ዝግታ ደግሞ በእጅም ይገኛል። አንዱን ካርትሪጅ (ማደንዘዣው የሚመጣበትን ትንሽ ቱቦ)፣ 1.8 ሚሊሊትር ገደማ፣ በ1 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቀስ ብሎ የሚሰጥ ሐኪም ካገኛችሁ ለማሽኑ ተጨማሪ አትክፈሉ።

እንደ ዴንታልቫይብ ያሉ የሚነዝሩ መሣሪያዎች አእምሮ ከሕመሙ ይልቅ ንዝረቱን እንዲያዳምጥ ያደርጋሉ። ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም። ሐኪሙ ከንፈራችሁን ይዞ እያወዛወዘ ቢወጋም ሐሳቡ ያው ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ።

ፈሳሹ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት አሲዱ ነው። አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን እንዳይበላሽ ሲባል አሲዳማ ተደርጎ ይሠራል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) እስከ 3.5 ገደማ ይወርዳል። ከመወጋቱ በፊት አሲዱን የሚያበርድ ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚቀላቅሉበት ክሊኒኮች አሉ። ማቃጠሉ ይቀንሳል። ካገኛችሁ እሺ በሉ።

«በጣም ቀጭን መርፌ አለን» የሚል ማስታወቂያ ግን አያማልላችሁ። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ ግን ባለ 27 ቁጥሩን ከባለ 30ው ብዙ ታካሚ አይለየውም።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «ጄሉን ከቀባችሁ በኋላ ስንት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ?» እኔ ብሆን ማሽን ባይኖረውም «2 ደቂቃ» ያለኝ ጋ እሄዳለሁ።