ለሮቶ ፓምፕ፦ ፍሎተር ወይስ ዋይፋይ?

«ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን ራሱ የሚያጠፋ፣ የቱን ልግዛ?» ባሕር ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። መልሱ፦ ሁለት ፍሎተር (ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ እያለ መስመር የሚያገናኝና የሚቆርጥ ኳስ) እና አንድ ኮንታክተር (የፓምፑን ከባድ ኤሌክትሪክ የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ)። በስልክ የሚታዘዘው፣ የውሃውን ከፍታ በሴንሰር የሚለካው ዋይፋይ መቆጣጠሪያ ይቅርባችሁ።

ከዋጋው እንነሣ። ዋይፋዩን የሚሸጥላችሁ «ሌላ ዕቃ አይፈልግም» ይላችኋል። ይፈልጋል። ውስጡ ያለችው ትንሽ ሪሌይ (ፓምፑን የምታበራና የምታጠፋው) 10 አምፔር ቢጻፍባትም፣ የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲነሣ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚስብ ነጥቦቿ ይጣበቃሉ፤ ፓምፑም አልጠፋ ይላል። በደቂቃ 40 ሊትር የሚገፋ ከሆነ በሰዓት 2,400 ሊትር ይፈሳል። ስለዚህ የኮንታክተሩን ዋጋ በዋይፋዩም ላይ ደምሩ። ሻጩንም «ሴንሰሩ ለብቻው ይገኛል?» በሉት። ከሌለ በተበላሸ ቁጥር ሙሉውን እንደ አዲስ ልትገዙ ነው። ፍሎተር የሞተው ብቻ ይቀየራል።

በድምፅ ሞገድ የሚለካው ሴንሰር ሳይበላሽም ይሳሳታል። ቀን የሞቀው ውሃ ሌሊት ክዳኑ ሥር ጠብታ ይሠራል፤ ጠብታው ሴንሰሩ ፊት ላይ ሲንጠለጠል ባዶው ሮቶ ሙሉ ሆኖ ይነበባል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ምንም አይታይም።

ፍሎተርም አስመስሎ የተሠራ አለ። 16 እና በቅንፍ 8 አምፔር ከተጻፈበት፣ ለሞተር የሚያገለግለው በቅንፍ ያለው ነው። ሱቁ ውስጥ በመልቲሜትር ለኩት፤ አሥር ጊዜ ስትገለብጡት በየጊዜው ቀጭ ብሎ ከ1 ኦም በታች ያሳይ። ገመዱ ከኳሱ የሚወጣበትን ቦታ እጠፉት፤ ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ እዚያው ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል። ያን ጊዜ 220 ቮልት ቤተሰቡ ከሚጠጣው ውሃ ጋር ተገናኘ ማለት ነው! ለዚህ ነው ኮንታክተሩ ባለ 24 ቮልት ኮይል (ኮንታክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ) ከነትራንስፎርመሩ ይሁን የምንለው፤ በፍሎተሩ የሚያልፈው 24 ቮልት ብቻ ይሆናል። በፓምፑ መስመር ላይ ባለ 30 ሚሊአምፔር ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ።

አገጣጠሙ፦ አንዱ ፍሎተር ታች ታንከር፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ በተከታታይ ከኮይሉ ጋር ይያያዛሉ። የላይኛው ሲንጠለጠል፣ የታችኛው ሲንሳፈፍ መስመሩን የሚያገናኘውን ጥንድ ሽቦ ያዙ፤ የሽቦ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በመልቲሜትር አረጋግጡ። የታችኛው ከተረሳ ፓምፑ ያለ ውሃ ዞሮ «ሲል» የሚባለው የውሃ መከላከያ ማኅተሙ ይቃጠላል። ገመዱ ላይ ያለውን ማመዛዘኛ ክብደት ከኳሱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ 10 ላይ ካሰራችሁት ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ይነሣል።

ጣና ዳር ብዙ ሮቶ ያለው ሎጅ ዋይፋዩን ለማየት ብቻ ሊጨምረው ይችላል፤ ማብራት ማጥፋቱ ግን በፍሎተሩ ይቆይ።