ኮሪያና ቬትናም፦ አሜሪካ በሁለት የተከፈሉ አገሮች ውስጥ
ሁለቱም አገሮች በኮሚኒስት ሰሜንና በጸረ ኮሚኒስት ደቡብ ተከፍለው ነበር፤ ኮሪያ በ38ኛው፣ ቬትናም በ17ኛው ኬክሮስ። አሜሪካ በሁለቱም ለደቡቡ ወግና ተዋጋች፤ ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ።

በኮሪያ የሰሜኑ ጦር እ.ኤ.አ. በጁን 1950 በታንክ ድንበር ጥሶ ገባ። ወራሪው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበርና የተባበሩት መንግሥታት ጦር ዘመተ፤ የእኛው ቃኘው ሻለቃም በ1951 ደረሰ። አገሩ ባሕረ ገብ መሬት በመሆኑ ግንባሩን ከባሕር እስከ ባሕር መዝጋት ተቻለ። የደቡቡ ሽምቅ ተዋጊዎችም ቀደም ብለው፣ ያውም በጭካኔ፣ ተመትተው ነበር።

ቬትናም ውስጥ መስመሩ በየመንደሩ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ መካከል ያልፍ ነበር። ሰሜንና ደቡቡን ለማዋሃድ ለ1956 የታቀደው ምርጫ ቀረ። የሰሜኑ መሪ ሆ ቺ ሚን ፈረንሳይን ያሸነፉ አርበኛ ነበሩ፤ የደቡቡ የሳይጎን መንግሥት ግን በብዙ ገበሬ ዓይን የባዕድ ጥገኛ ነው። የሰሜኑ ስንቅና ጥይት በላኦስና በካምቦዲያ ጫካ ዞሮ ይገባል። በ1968 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደር እዚያ ነበር፤ መሬት ለአራሹ (መፈክሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም) በደቡብ ቬትናም የታወጀው ግን በ1970 ነው። ለእኔ ከቦምቡ ሁሉ የከበደው ስህተት ይህ መዘግየት ነው፤ ደቡብ ኮሪያ መሬት ማከፋፈል የጀመረችው ገና በ1950 ነበርና።