ሌብል ያለው ተበላሸ፣ ሌብል የሌለው ነጥቶ መጣ፦ የአዲስ አበባ ላውንደሪዎች

ለጥቂት ሳምንታት አገር ቤት ለሚገባ ሰው መሀል አዲስ አበባ ልብስ የማሳጠቢያው መንገድ ሦስት ነው፦ ያረፈበት ሆቴል፣ የሰፈር ላውንደሪ ወይም ቤት መጥታ የምታጥብ ሴት። በዚህ ጉዞ ሦስቱንም ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ ሞክሬያቸዋለሁ። የሚበላሸው ከውጭ ይዘነው የምንመጣው፣ አንገቱ ሥር መመሪያ የተሰፋበት ልብስ ነው። አንዲት ፊደል ያልተጻፈበት ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ግን እንደ አዲስ ሆኖ ይመለሳል። የጥጥ ፈትልን የአጣቢዎቹ እጅ ያውቀዋል፤ ሌብሉን ግን ባንኮኒው ላይ የሚያገላብጠው ሰው አላየሁም። ስለዚህ አንብባችሁ መሄድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ሁሉንም ምልክት መሸምደድ አያስፈልግም። የሳፋ ሥዕሉ የውሃ እጥበት ነው፤ ውስጡ ያለው ቁጥር የመጨረሻው የሙቀት ጣሪያ እንጂ የግድ አይደለም፤ 40 የሚለው በ20 ቢታጠብ ምንም አይሆንም። ከሥሩ አንድ መስመር ካለ ማሽኑ በቀስታ ይዙር፣ ሁለት ከሆነ ደግሞ በጣም በቀስታ ማለት ነው። ሦስት ማዕዘኑ የበረኪና ነው፤ ኤክስ ከተደረገበት በረኪና አይቅረበው። ክብ የድራይ ክሊን፣ ማለትም በውሃ ሳይሆን በኬሚካል የማጠብ፣ አራት ማዕዘን የማድረቂያ ነው። ካውያው ላይ ያሉት ነጥቦች ሙቀቱን ይናገራሉ፦ አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ ገደማ፣ ሁለት 150፣ ሦስት 200። ሳፋው ውስጥ 95 ካያችሁ ግን አትጨነቁ፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ድስት ውስጥ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ሌብል ሁሉ ደግሞ ቃሉ ቃል አይደለም። የአሜሪካ ሕግ አምራቹን የሚያስገድደው አንድ አስተማማኝ የማጠቢያ መንገድ እንዲጽፍ ነው፤ ሌላው መንገድ ይጎዳ አይጎዳ የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። «ድራይ ክሊን» ብሎ «ብቻ» ያላለ፣ ገበር የሌለው ተራ የፖሊስተር ቀሚስ ብዙ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ታጥቦ ይድናል። ለእሱ ላውንደሪ መክፈል ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

ሌብላቸው የማይደራደር ልብሶች ሦስት ናቸው። የበግ ፀጉር ሹራብ ክሩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለው፤ ሙቅ ውሃና መታሸት ሲገናኙ ቅርፊቱ እርስ በርስ ይቆላለፍና የአዋቂ ሹራብ የልጅ ሆኖ ይወጣል፤ መመለሻ የለውም። ቪስኮስ፣ ከእንጨት የሚሠራው ለስላሳ ጨርቅ፣ እርጥብ ሲሆን ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ከተጨመቀ ስፌቱ ጋ ይተረተራል ወይም ተለጥጦ ይቀራል። ሦስተኛው ኮት ነው። ደረቱ እንዲቆም ከውስጥ በሙጫ የተለጠፈ ጨርቅ አለው፤ ውሃና ሙቀት ሙጫውን ሲያላቅቀው ደረቱ ምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ እዚህም እዚያም ይነፋል። ካውያ ቢመላለስበትም አይተኛም። አንድ ላውንደሪ «ድራይ ክሊን ነው» ብሎ የተቀበለኝን ግራጫ ኮት እንዲህ አድርጎ መለሰልኝ። ማረጋገጫው እጅጌው ውስጥ ነበር፦ ገበሩ ተሸብሽቦ ከላዩ ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። በውሃ ነው የታጠበው።

በሩ ላይ «ላውንደሪ» የሚል ሁሉ የኬሚካል ማሽን የለውም። «ድራይ ክሊን ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አዎ ነው። «እህቴ፣ ይሄን በውሃ ነው በኬሚካል የምታጥቡት? ማሽኑ እዚሁ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ትልኩታላችሁ?» በሉ። «ችግር የለም» የሚለው መልስ ትህትና ነው፤ ውል አይደለም። ደረሰኙ ላይ በእጅ ጽሑፍ «በውሃ አይነካ»፣ «በረኪና የለም»፣ «አይጨመቅ» እንዲባል ጠይቁ፤ ልብሱን የሚቀበለውና የሚያጥበው ሰው አንድ አይደለምና ቃላችሁ ከወረቀቱ አያልፍም። የልብሱ መለያ ቁጥር የሚለጠፍበትንም ቦታ ተከታተሉ። ሐር ላይ ስቴፕለር ከተመታ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ሽቦው እርጥብ ከቆየ ደግሞ የዝገት ነጥብ ይተዋል። የቀበቶ ማስገቢያው ወይም ሌብሉ ራሱ ላይ ይታሰርላችሁ።

የሆቴሉ አገልግሎት ንጹሕና ፈጣን ነው፤ በፍሬ ስለሚያስከፍል ግን ካልሲና ቲሸርት ለእሱ አይሰጥም። ክፍል ውስጥ ያለውን ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት ከታች በደቃቁ የተጻፈውን፣ የካሳውን ጣሪያ አንብቡ። ለተራው ልብስ ቤት የምታጥበው ሴት ትበልጣለች፤ አንገትና የእጅጌ ጫፍ እንደ እሷ የሚያስለቅቅ ማሽን የለም። አደጋው በረኪናዋ ነው። ለነጭ ጥጥ ደህና ነው፤ ሱፍና ሐር ግን ያቃጥላል፣ የሚለጠጥ ክር ያለበትን ሱሪ ያሟሽሻል፣ «አይተኮስም» ተብሎ የተሸጠ ነጭ ሸሚዝን ደግሞ ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። የሚነጣውን ለብቻው፣ ሌላውን በሌላ ሳፋ አድርጋችሁ አስረክቡ።

ሌብል ወደሌለው እንምጣ። ሽሮ ሜዳ የተገዛ የሐበሻ ቀሚስ መመሪያው ጥለቱ ነው። ከመዘፍዘፉ በፊት ነጭ ጨርቅ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ ጥለቱን ከውስጥ በኩል ለሁለት ደቂቃ ያህል ተጫኑት። ቀለም ከያዘ መዘፍዘፍ የለም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ ይለቅለቅ። ጨው ቀለም ያስይዛል የሚባለው የቆየ እምነት ነው፤ አንዴ የሚለቅ ቀለም በጨው አይታሰርም። ሳሙናው አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ይሟሟ፣ ከዚያ ጨርቁን ጫን ለቀቅ እንጂ ማሸት የለም፤ በእጅ የተፈተለ ማግ ሲታሽ ይጎፍራል። አረፋው እስኪጠፋ ሦስት አራት ጊዜ ይለቅለቅ። አይጠምዘዝ፤ ፎጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጫን። አዲስ ፈትል በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ልክ የሆነ ቀሚስ ያሳጥራል፤ ጨርቁን ሳይሰፋ ማሳጠብ ይሻላል። ሲተኮስ ተገልብጦ፣ ጥለቱ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ነው። ጥጡ ሦስት ነጥብ ቢችልም የጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ከአንድ በላይ አይችልም፤ ይቀልጣል። ይህን ሁሉ ሳልናገር አሟልተው የሠሩልኝ አራት ኪሎ አካባቢ ያሉ አነስተኛ ቤቶች ናቸው፤ እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በአንድ ገመድ ከተሰቀለ መሀሉ ይረግባል፣ በሁለት ገመድ ይዘርጋ። ድሮ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው በቀንድ አውጣ በኩል በሚተላለፈው በሽታ፣ በቢልሃርዚያ ላይ ምርምራቸውን የጀመሩት። ዛሬ ላውንደሪ ውስጥ እንዶድ አትፈልጉ።

የቀረው ማድረቁ ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ቀለም ይበላል፤ ጥቁርና ቀይ ልብስ ተገልብጦ ጥላ ላይ ይሰጣ። መብራት መሀል ላይ ከሄደ ቀይና ነጭ ልብስ ማሽን ውስጥ አብሮ ተዘፍዝፎ ይቆያል፤ አትደባልቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀጠሮው ነገ ከተባለ ከነገ ወዲያ አድርጉት፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ይሸታል። ከመክፈላችሁ በፊት ፕላስቲኩን አውጥታችሁ እጃችሁን ኮቱ እጅጌ ውስጥ አስገቡ፣ ገበሩንም ጎተት አድርጉት። በኬሚካል ከታጠበና ሽታው ካልለቀቀው ሌሊቱን በረንዳ ላይ ይደር፤ ሻንጣ ውስጥ ከተዘጋበት ሌላውንም ያሸተዋል።