ለጣና ተፋሰስ የትኛው የሃይድሮሎጂ ሞዴል ይሻላል?

ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው፤ ከመለኪያ ጣቢያዎቻቸው በታች ያለው ሰፊ ሜዳ ግን ፍሰቱ አይለካም። በዚህ ተፋሰስ ለሚሠራ አማካሪ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሃይድሮሎጂ ሞዴል (ከዝናብና ከመሰል መረጃ የወንዝን ፍሰት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ምርጫውን የሚወስኑት በእጁ ያለው መረጃና ጎርፉ የሚነሣበት መሬት ናቸው።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን የተሠራው ኤችቢቪ የተባለ ሞዴል ዕለታዊ ዝናብ፣ የሙቀት መጠንና እምቅ ትነት (ውሃ ሳያጥር ሊተን የሚችለው መጠን) ቢያገኝ ይበቃዋል። የበረዶ ስሌቱ እዚህ ሥራ የለውም፤ የቀረው ክፍል አፈሩንና የከርሰ ምድሩን ውሃ በጥቂት ማጠራቀሚያዎች ይወክላል። ዕለታዊ ፍሰትን ብቻ ለሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚሞከረው ይህ ነው።

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ስዋት ደለልን፣ ማዳበሪያንና የመሬት አጠቃቀም ለውጥን ለማጥናት ከኤችቢቪ እጅግ ይበልጣል። ይሁንና በተለመደው አሠራሩ ጎርፍን የሚያሰላው በከርቭ ነምበር (ከዝናቡ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን በሚያመለክት ቁጥር) ስለሆነ ውጤቱ በአፈር ዓይነትና በመሬት ሽፋን ላይ ይመሠረታል፤ ቦታው ከተዳፋቱ ወገብ ይሁን ከግርጌው ለስሌቱ ለውጥ አያመጣም። በደጋው ግን ክረምቱ ሲገፋ ጎርፍ የሚለቀው በአብዛኛው ውሃ የጠገበው የግርጌ መሬትና የተራቆተው ስስ አፈር ሲሆን፣ ብዙው ተዳፋት ዝናቡን ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ስለዚህ የወንዙን ፍሰት አሳምሮ ያወጣ ስዋት እንኳ፣ እርከን የት ይሠራ ተብሎ ቢጠየቅ የተሳሳተ ቦታ ሊጠቁም ይችላል። ለዓባይ ተፋሰስ የተሞከረው ስዋት-ደብልዩቢ ይህን ለማረም ከርቭ ነምበርን በውሃ ሚዛን ስሌት ተክቷል። ስለ ዋጋ፣ ስዋትን በካርታ ሶፍትዌር ውስጥ ከሚያሠሩት ሁለት መሣሪያዎች ኪውስዋት ከሚሠራበት ሶፍትዌር ጋር ነፃ ነው፤ አርክስዋት ግን ራሱ ባያስከፍልም አርክጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር ፈቃድ ይፈልጋል።

የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያወጡት ሄክ-ኤችኤምኤስም ነፃ ነው፤ ለድልድይ ንድፍ የአንድን ከባድ ዝናብ ጎርፍ ማስላት ለተፈለገ ከእርሱ የሚቀል የለም። የዴንማርኩ ማይክ ሺ በክፍያ የሚገኝ ሲሆን የአፈርንና የከርሰ ምድርን ውሃ እንቅስቃሴ በፊዚክስ እኩልታዎች ይፈታል። የጉድጓድ ውሃ ከፍታና የአፈር የውሃ ማሳለፍ አቅም ያልተለካበት ተፋሰስ ውስጥ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም፤ እኩልታው የቱንም ያህል ቢረቅ ግብዓቱ ግምት ነውና።

ሻጩም ሆነ ተመራማሪው የሚያቀርበውን የናሽ-ሰትክሊፍ ውጤት (የሞዴሉ ፍሰት ከተለካው ፍሰት ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳይ ነጥብ) በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ክረምትና በጋ እንዲህ በተለያዩበት አገር የየቀኑን የብዙ ዓመት አማካይ ፍሰት ብቻ እንደ ትንበያ መውሰድም ከፍተኛ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል። ከዚህ አማካይ በግልጽ ያልተሻለ ሞዴል ነፃ ቢሆንም አይመረጥም።